ከዐይነ ምድር እስከ ዐይን

ስለ ቤተ መንግሥታችን የተጻፈ ታሪክ ሞልቷል። ስለ ገዳማቱ፣ ስለ ጦር ሜዳው፣ ስለ መኳንንቱ ግብርም እንዲሁ። ስለ ሽንት ቤት ግን ብዕሩን የሚያነሣ ሰው እምብዛም አይገኝም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ነገሩ ነውር ነው። እንኳን ሊጻፍበት በስሙም አይጠራም። በእኛ በጎጃም ሰው «ሜዳ ወጣ» ይባላል እንጂ ምን ሊያደርግ እንደ ወጣ አይነገርም። ሜዳ ላይ የሚቀረው ነገር ደግሞ በጨዋ አፍ «ዐይነ ምድር» ይባላል። የምድር ዐይን ማለት ነው። ይህን ቃል በሰማሁ ቁጥር አያቴ ትዝ ትለኛለች። አያቴ ዐይነ ስውር ሆና ነው የሞተችው፤ ብርሃኗን በነጠቃት በሽታ ውስጥም ይኸው የምድር ዐይን የተባለው ነገር እጁ አለበት።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ይህ ጽሑፍ ስለ ሽንት ቤት ነው። ቁርስዎን እየበሉ ከሆነ ለጊዜው ይለፉትና በኋላ ይመለሱበት። ግን አደራ፣ ይመለሱበት።

የተወለድሁትም ያደግሁትም ደብረ ማርቆስ ነው። ቤታችን የቀበሌ ቤት ሲሆን ግቢው ውስጥ ስድስት አባወራ የሚጋራው አንድ የቆርቆሮ ሽንት ቤት ነበር። ጉድጓዱ በሞላ ቁጥር ጎረቤት ከጎረቤት የሚጣላበት፣ መዋጮ የሚሰበሰብበት፣ መጣጭ መኪናው በስንት ልመና የሚመጣበት ሽንት ቤት ነው። ቢሆንም ሽንት ቤት ነው፤ በፈለግሁት ሰዓት እገባለሁ፣ እወጣለሁ። ይህ ጸጋ መሆኑን ያወቅሁት ገጠር በሄድሁ ጊዜ ነው።

በ1994 ዓ.ም. ክረምት፣ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ወደ እናቴ ወንድም ቤት ተላክሁ። አገሩ ጎዛምን ነው፤ ደብረ ማርቆስን ዙሪያዋን የከበባት ወረዳ። ከከተማው በእግር ሦስት ሰዓት ያህል ያስኬዳል። በደረስሁ በሦስተኛው ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ሆዴ ተላወሰ። የአጎቴ ሚስት እንጀራ እየጋገረች ነበር።

«እትዬ፣ ሜዳ መውጣት እፈልጋለሁ» አልኋት።

ቀና ብላ በበሩ በኩል ሰማዩን አየች። «አሁን? በቀን? ታገሺ እንጂ ልጄ። ጀንበር ትጥለቅ» አለችኝ።

የአጎቴ ልጆች፣ ወንዶቹ፣ ባሻቸው ሰዓት ከአጥሩ ጀርባ ደርሰው ይመለሱ ነበር። ሴቶቹ ግን ወይ ጎሕ ሳይቀድ፣ ወይ ዐይን ለዐይን ማያያዝ ሲያቅት ነው። በቀን ወጥታ የታየች ሴት ስሟ ይነሣል። ስለዚህ እትዬ ጠዋት ውኃ አትጠጣም ነበር፤ እህልም ቢሆን አብዝታ የምትቀምሰው ማታ ነው። እኔም እስኪመሽ ድረስ መደብ ላይ ተጠቅልዬ ዋልሁ። ሲመሽ ሦስት ሆነን፣ ዱላ ይዘን፣ የጅብ ድምፅ እያዳመጥን ወጣን። ያን ቀን ያየሁት ነገር በማናቸውም የታሪክ መጽሐፍ ውስጥ ተጽፎ አላየሁትም። የግማሹ ሕዝብ ቀን በሌላው ግማሽ ዐይን ተቆልፎ ይኖር ነበር።

በዚያው ክረምት ነው የአያቴን ዐይን ልብ ብዬ ያየሁት። እማሆይ እያልን ነበር የምንጠራት፤ ቆብ ከደፋች ቆይታለች። ጠዋት ፀሐይ ሲወጣ ደጃፍ ላይ ትቀመጥና «ጸጉር ገባብኝ፤ ኑ ንቀሉልኝ» ትላለች። የአጎቴ ልጅ ወረንጦ ይዛ፣ የዐይኗን ቆብ ገልብጣ፣ ወደ ውስጥ የተቀለበሱትን የሽፋሽፍት ጸጉሮች አንድ በአንድ ትነቅላለች። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ተመልሰው ይበቅላሉ፤ በበቀሉ ቁጥር ብሌኗን ይፍቋታል። ያኔ አንደኛው ዐይኗ ነጭ ለብሶ ነበር። ትንንሾቹ ልጆች ደግሞ ዐይናቸው ላይ ዝንብ ሰፍሮ ይጫወታሉ። እሽ የሚልም አልነበረም። ዝንቦቹ እንደ ቤተ ሰብ ተቆጥረዋል።

በሽታው ትራኮማ ነው፤ በአገራችን አጠራር የዐይን ማዝ። ከአንዱ ዐይን ወደ ሌላው በእጅ፣ በነጠላ ጫፍና በዝንብ ይተላለፋል። ልጅነት ላይ ይጀምርና በተደጋጋሚ ሲይዝ የዐይን ቆብን ከውስጥ ያጠባብሳል፤ ጠባሳው ሲሸበሸብ ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ይገባል። ከወንዶች ይልቅ ሴቶችን ይጎዳል፤ ልጅ የሚታቀፉት እነርሱ ናቸውና። በ1998 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ በተደረገው የዓይነ ስውርነትና የትራኮማ ጥናት፣ በአማራ ክልል ከአንድ እስከ ዘጠኝ ዓመት ከሆናቸው ልጆች ውስጥ 62.6 በመቶ የሚሆኑት ንቁ ትራኮማ ተገኝቶባቸዋል። የአገሪቱ አማካይ 40.1 በመቶ ነበር።

ዝንቧንም ሊቃውንቱ ለይተው ያውቋታል፤ ሙስካ ሶርቤንስ ይሏታል። የቤት ዝንብ ዘመድ ናት፤ ጠባይዋ ግን የተለየ ነው። ከሰው ዐይን የሚወጣውን እርጥበት ትወዳለች፤ እንቁላሏን ለመጣል ደግሞ ከሁሉ አስበልጣ የምትመርጠው ሜዳ ላይ የቀረውን የሰው ዐይነ ምድር ነው። ጉድጓድ ውስጥ የገባውን አትፈልገውም። እንግዲህ መንገዱ አጭር ነው፤ ከዐይነ ምድር እስከ ዐይን። «ዝንብ ቢሰበሰብ መግላሊት አይከፍትም» ይላል ያገሬ ሰው። እውነት ነው፣ መግላሊት አይከፍት ይሆናል። ዐይን ግን ይዘጋል።

ታዲያ ይህን ያህል ዘመን ጉድጓድ ያልቆፈርነው ስለምንድን ነው? ሕጉን አጥተነው አይደለም። ጎጃም የቅኔ አገር ነው፤ ኦሪቱን የማያውቅ ደብተራ የለውም። ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 23 ላይ፣ ሠራዊቱ ከሰፈር ውጭ የሚወጣበት ቦታ እንዲኖረው፣ ከመሣሪያው ጋርም መቆፈሪያ እንዲይዝና ሲጨርስ አፈር እንዲመልስበት ታዟል። የሽንት ቤት ሕግ በሊቃውንቱ እጅ ነበረ ማለት ነው። ሕጉ ግን ከብራናው ወርዶ ጓሮ አልደረሰም።

ደብረ ማርቆስን ራሷን እንያት። የድሮ ስሟ መንቆረር ነው። ራስ አዳል ተሰማ በ1873 ዓ.ም. በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተብለው ሲነግሡ መናገሻቸው ሆነች፤ የዛሬ ስሟንም ያገኘችው ከቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ነው። በዚያ ዘመን የነበሩ የአገራችን ከተሞች ከጦር ሰፈር ብዙም የራቁ አልነበሩም። የጽዳት ሠራተኞቻቸው ቀን ውሻ፣ ማታ ጅብ፣ ክረምት ጎርፍ፣ በጋ ፀሐይ ነበሩ። ገጠሩማ ቤቱ ከቤት የተራራቀ፣ ሜዳው ሰፊ፣ ሰዉ ጥቂት ስለ ነበር ነገሩ ለማንም ችግር ሆኖ አልታየውም።

ሌላም ምክንያት አለ። እኛ በሽታን የምንጠረጥረው በሽታው ሳይሆን በሽታ አምጪ ነው ባልነው ክፉ ጠረን ነው። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ አዲስ አበባን ሲያረግፋት ከዚያ ወዲህ የቀረልን ልማድ ኅዳር 12 ቀን ጥራጊ ሰብስቦ ማጠን ነው፤ ክፉውን አየር በጢስ ማባረር። በዚህ ደግሞ ብቻችንን አይደለንም። እንግሊዞችም እ.ኤ.አ. በ1858 የቴምዝ ወንዝ በዓይነ ምድር ተሞልቶ ፓርላማቸውን በሸተተ ጊዜ ነው የለንደንን የቆሻሻ መስመር ለመሥራት ገንዘብ የፈቀዱት፤ ያን ጊዜ አብዛኞቹ ሐኪሞቻቸው ኮሌራ የሚመጣው ከጠረኑ ነው ብለው ያምኑ ነበር። በጠረን የሚያምን ሰው ደግሞ ከተዘጋ ጎጆ ይልቅ ነፋስ የሚነፍስበትን ሜዳ ቢመርጥ አያስደንቅም። አጎቴ የሚለውም ይህንኑ ነበር። «ሜዳው ነፋስ አለው። ምን ብዬ ነው ሽታውን ቤት ሠርቼለት ከደጄ የማስረው?» ይል ነበር።

ጉድጓድ የሚያስቆፍሩ ሰዎች ወደ ገጠሩ የመጡት ዘግይተው ነው። በ1947 ዓ.ም. ጎንደር ላይ የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ተከፈተ። ጤና መኮንን፣ የኅብረተሰብ ነርስና ሳኒተሪያን በአንድ ላይ እያሠለጠነ ወደየጤና ጣቢያው ይልክ ጀመር። ሳኒተሪያኑ ሥራው ጉድጓድ፣ ምንጭና ጥራጊ ነው። ጎጃም ላይ ግን ሜትር ይዞ ጓሮ የሚገባ የመንግሥት ሰው በደስታ የሚታይ አልነበረም። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጁ ሲመጣ፣ የጎጃም ገበሬ «መሬታችን ሊለካ ነው» ብሎ ጠመንጃ አንሥቶ እንደ ነበር የሚታወቅ ነው። እኔ እንደምገምተው፣ ሽንት ቤትም የሚቆጠር ነገር በመሆኑ ብቻ ሳይጠረጠር አልቀረም። ዛሬ ጉድጓድ የቆጠረ ነገ በሬ ይቆጥራል!

ከዚያ ደርግ መጣ። በ1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት ዘማቾች ፊደልና የመሬት አዋጅ ይዘው ገጠር ሲገቡ የሽንት ቤት ትምህርትም ይዘው ገቡ። ቆፈሩ፣ አስቆፈሩ። ከ1978 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ መንደር ምሥረታ መጣ። ገበሬው ከየጎጡ ተነሥቶ በመስመር በተሠሩ መንደሮች እንዲሰፍር ተደረገ፤ በመስመር የተሰለፈ ቤት ደግሞ በመስመር የተሰለፈ ጉድጓድ አለው። የካቲት 1982 ዓ.ም. ላይ መንግሥት ፖሊሲውን ሲለውጥ ገበሬው ጣሪያውን ነቅሎ፣ ማገሩን ተሸክሞ ወደ ጥንት ቦታው ተመለሰ። ጉድጓድ ግን ተሸክመውት የሚሄዱት ነገር አይደለም፤ እዚያው ቀረ። አጎቴም ቤቱን ነቅለው ከተመለሱት አንዱ ነበር። ለእርሱ ሽንት ቤት ማለት ከዚያ ዘመን ጋር አብሮ የሄደ የካድሬ ዕቃ ነው።

ውጤቱን ቁጥር ይናገረዋል። እ.ኤ.አ. በ2000 በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በኢትዮጵያ ከመቶ ቤተሰብ 82ቱ ምንም ዓይነት ሽንት ቤት አልነበረውም። ግማሽ ምዕት ዓመት ትእዛዝ ተሰጥቶበት የተገኘው ይህ ነው።

ነገሩ የተለወጠው በሁለት ነገሮች መገጣጠም ነው። አንደኛው በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ነው። አሥረኛ ክፍል የጨረሱ፣ አንድ ዓመት የሠለጠኑ፣ ደመወዝ የሚከፈላቸው ሁለት ሴቶች ለየቀበሌው ተመደቡ። ልብ ይበሉ፣ ሴቶች ናቸው፤ ያውም የዚያው አካባቢ ልጆች። ከዚያ በፊት ስለ ሽንት ቤት ያስተምር የነበረው ብዙውን ጊዜ ወንድ ነው፤ የሚያናግረውም አባወራውን ነው። እኒህ ልጆች ግን ጓዳ ገብተው፣ እንጀራ የምትጋግረዋ ሴት አጠገብ ቁጭ ብለው አወሩ።

ሁለተኛው የትራኮማው ዘመቻ ነው። የክልሉ ጤና ቢሮ ከካርተር ማዕከል ጋር ሆኖ ቀዶ ሕክምና፣ መድኃኒት፣ ፊት መታጠብና የአካባቢ ንጽሕና የሚባሉትን አራቱን ነገሮች ይዞ ተነሣ። እ.ኤ.አ. በ2004 በክልሉ 10 ሺህ ሽንት ቤት ለማሠራት ታቅዶ ከ80 ሺህ በላይ ተሠራ። ከዚህ ውስጥ ከ20 ሺህ የማያንሰው ሞጣ በምትገኝበት በሁለት እጁ እነሴ ወረዳ፣ በምሥራቅ ጎጃም፣ የተሠራ ነው። ከእቅዱ ስምንት እጥፍ! ነገሩን የያዙት ሴቶች ነበሩ፤ ቀን መውጣት ነውር የሆነባቸው ሴቶች። ይህን እ.ኤ.አ. በ2024 ያረፉት የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር በየመድረኩ አንሥተውታል፤ የኢትዮጵያ ሴቶች ሽንት ቤትን የነጻነት ጉዳይ አድርገው እንደ ያዙት ይናገሩ ነበር። ሰውዬው ነገሩን ከወሬ አላወቁትም። ጆርጂያ ውስጥ፣ ከፕሌንስ ከተማ አጠገብ ባለ እርሻ ላይ ሲያድጉ፣ የልጅነት ሽንት ቤታቸው ከቤት ውጭ የቆመ የእንጨት ጎጆ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የአሜሪካ መንግሥት ለሥራ አጦች በከፈተው የሥራ ፕሮግራም ከ2 ሚሊዮን በላይ እንዲህ ያለ የገጠር ሽንት ቤት ተሠርቷል። ታላቋ አሜሪካም በዚሁ ጉድጓድ በኩል አልፋለች።

ወደ አጎቴ ቤት ልመለስ። በ1997 ዓ.ም. በጋ እርሱም ቆፈረ። የቆፈረው ግን ልቡ አምኖ አይደለም፤ ስሙ ከቀበሌው መዝገብ ላይ «የሌላቸው» ከሚለው ዓምድ እንዲወጣለት ነው። ቦታው ለቤቱ የቀረበ፣ ለመቆፈር የማያስቸግር፣ ጥቁር ዋልካ አፈር ያለበት ነበር። ሁለት ሜትር ያህል አወረደውና እንጨት አጋድሞ፣ ጭራሮ በትኖ፣ ጭቃ ለሰነበት። መዝጋቢው መጥቶ አየ፤ ጻፈ፤ ሄደ።

ዋልካ ግን የታወቀ አፈር ነው። ክረምት ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፤ በጋ ሲደርቅ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። ነሐሴ ላይ ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ጠዋት ብንወጣ ጉድጓዱ አፉን ከፍቶ፣ ወለሉ ከነእንጨቱ ወደ ውስጥ ገብቶ አገኘነው። እግዚአብሔር ጠብቆን ሰው አልነበረበትም። አጎቴ አንገቱን ነቀነቀና «የመንግሥት ጉድጓድ እኮ ነው፤ መንግሥት ይድፈነው» ብሎ ሄደ።

የአጎቴ ሚስት ግን ዝም አላለችም። ስምንት ወር ቀን ወጥታለች፤ ከእንግዲህ ወደ ጨለማ መመለስ አልፈለገችም። የቅቤና የዶሮ ገንዘቧን አውጥታ ለቆፋሪ ከፈለች። ቦታውንም ራሷ መረጠች፤ ከጌሾው ማዶ፣ ቀይ አፈር ያለበት፣ ከምንጩ በታች የሚገኝ ከፍ ያለ ቦታ። የጤና ኤክስቴንሽኗ ልጅ ከውኃ 30 ሜትር ይራቅ ብላታለችና በእርምጃ ለካችው። የጉድጓዱን አፍ ከላይ ክንድ ያህል ወርዳ በድንጋይ ካበችው፤ ዝናብ ቢመጣ አፉ እንዳይናድ ነው። በላዩ የባሕር ዛፍ አጣና እያጠጋጋች አጋደመች። በጭራሮ ሞላችው። ጭቃውን ከጭድ ጋር አስቦክታ መረገችው፤ ሲደርቅ በእበት ለቀለቀችው። ቀዳዳውን ጠበብ አድርጋ እጀታ ያለው የእንጨት ክዳን ሠራችለት። ግድግዳው ጭቃ፣ ክዳኑ ሣር ሆነ። ዙሪያውን ቦይ አወጣችለት፤ ጎርፉ እየዞረ እንዲሄድ። አጎቴ በመጨረሻ የረዳት በሩን በማቆም ነበር። «ደግሞ በርም አለው!» እያለ እየሳቀ።

መሥራቱ የአንድ ሳምንት ሥራ ነው፤ ማቆየቱ ግን የዕድሜ ልክ ነው። እትዬ ጠዋት ምድጃዋን ስትጠርግ አመዱን አትደፋም፤ አንድ እፍኝ ጉድጓዱ ውስጥ ትበትናለች፤ ሽታውን ይሰብራል፣ ዝንቡን ያርቃል። ወለሉን ቅዳሜ ቅዳሜ ትለቀልቃለች። ክዳኑን ሳይከድን የወጣ ልጅ ወዮለት። ሰኔ ሳይገባ ቦዩን ትጠርጋለች፣ የተሰበረ አጣና ካለ ታስለውጣለች። አንድ ክንድ ያህል ሲቀረው አፈር ትሞላበትና አጠገቡ ሌላ ታስቆፍራለች። ከዓመት በላይ ከቆየ በኋላ በአሮጌው ላይ ጌሾ ትተክላለች። ያ ጌሾ ከጎረቤት ጌሾ ሁሉ ይበልጣል። ምሥጢሩን ግን ለጠላ ጠጪዎቿ አትነግርም።

ለእማሆይ ደግሞ ገመድ ዘረጋችላት። ከቤቱ ምሰሶ ተነሥቶ እስከ ሽንት ቤቱ በር የሚደርስ የቃጫ ገመድ ነው። በዚያ ጊዜ ሁለተኛውም ዐይኗ ሄዷል። የዐይን ጸጉር ቀዶ ሕክምና የሠለጠኑ ነርሶች ጤና ጣቢያው ድረስ መጥተው ሠርተውላት ነበር። ሕመሙ ቆመላት፤ ወረንጦውም ቀረላት፤ ብሌን ላይ የወጣ ጠባሳ ግን በዚያ አይነሣምና ብርሃኗ አልተመለሰም። ቢሆንም ገመዱን በቀኝ እጇ ይዛ፣ በግራዋ መቋሚያዋን እየተመረኮዘች፣ እኩለ ቀን ላይ ብቻዋን ሄዳ ብቻዋን ትመለስ ነበር። ከዚያ በፊት ልጅ ካልጠራች፣ ልጁም ካልታከተ፣ አትወጣም ነበር።

እዚህ ላይ ታሪኬን ባቆመው ደስ ይለኝ ነበር። ሽንት ቤት ተሠራ፣ ዝንብ ጠፋ፣ ዐይን ዳነ ብዬ። እውነቱ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። ጋምቢያ ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ ጥናት፣ ሽንት ቤት በተሠራባቸው መንደሮች ልጆች ዐይን ላይ የሚያርፈው ዝንብ 30 በመቶ ያህል መቀነሱን አሳይቷል። ይህ ተስፋ ነበር። ከእኛው አገር፣ ከምሥራቅ ጎጃሙ ጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ የወጣው ጥናት ግን ተስፋውን አቀዘቀዘው። 24 መንደሮች ተመረጡ፤ ለሁሉም አዚትሮማይሲን የሚባለው መድኃኒት ታደለ፤ በግማሾቹ ብቻ ደግሞ ሽንት ቤት እንዲሠራ ተቀሰቀሰ። ከሁለት ዓመት በኋላ ሲታይ የተቀሰቀሱት መንደሮች በሽንት ቤት ብዛት ሌሎቹን ጥለዋቸው ሄደዋል። ትራኮማው ተመልሶ በመምጣት ረገድ ግን በሁለቱ መካከል ልዩነት አልተገኘም። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመው የዋግ ኽምራው ጥናትም ውኃና ንጽሕናን አንድ ላይ ለሦስት ዓመት ሞክሮ፣ በዐይን ላይ ያለውን ተሕዋስ ሲቀንስ አላየም።

እንግዲህ ምን እንበል? ጉድጓዱ ዋሸን? እኔ እንደሚመስለኝ የዋሸው ጉድጓዱ ሳይሆን ስለ ጉድጓዱ የሰጠነው ተስፋ ነው። በሽታው በዝንብ ብቻ አይሄድም፤ በእናት ነጠላ ጫፍም፣ በአንድ መደብ በሚተኙ ልጆች እጅም ይሄዳል። ከ2001 ዓ.ም. ኅዳር ወዲህ በክልሉ በዘመቻ ሲታደል የኖረው መድኃኒት፣ ፊት የሚያስታጥብ ውኃ፣ ጸጉር የሚያቃና ቀዶ ሕክምና፣ ሁሉም አብረው መቆም አለባቸው፤ ያውም ለዓመታት። ጉድጓድ ደግሞ የሆድ በሽታንና ትላትልን ይከለክላል፤ ይህ ብቻውን ይበቃው ነበር።

ይህንን ጥናት ለአጎቴ ሚስት አጫወትኋት። ጥቂት አሰበችና «እነርሱ ዐይን ያድናል ብለው ነገሩን» አለችኝ። «እኔ ግን ዐይን ልግዛበት ብዬ አይደለም ቅቤዬን የሸጥሁት። ቀኔን ነው የገዛሁበት።»

የዚህን ሁሉ ዘመን ታሪክ ሳገላብጥ ከዚህ የተሻለ ማጠቃለያ አላገኘሁም። ሳኒተሪያኑ በሽታ አለ። ዘማቹ እድገት አለ። ካድሬው መንደር አለ። መዝጋቢው ቁጥር አለ። ቀኗን የተነጠቀችውን ሴት «ምን ትፈልጊያለሽ?» ብሎ የጠየቀ ግን እስከ ቅርብ ጊዜ አልነበረም። እርሷ የፈለገችው ጉድጓድ ቆመ፤ ሌላው ተናደ። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው ጥናት ሽንት ቤት የሌለው ቤተሰብ ከመቶ 82 ወርዶ 32 ሆኖ ተገኝቷል። ከዚህ ውስጥ ስንቱ የአጎቴ ዓይነት፣ ስንቱ የሚስቱ ዓይነት ጉድጓድ እንደሆነ የሚለየው መዝገብ ሳይሆን ክረምት ነው።

ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልላችን በደረሰው ግጭት መንገዱ ሲዘጋና ሲከፈት ኖሯል። ባለፈው መንገዱ በተከፈተ ጊዜ ሄጄ ነበር። ቤቱን የሚጎበኝ፣ ሽንት ቤት የሚቆጥር ሰው ከመጣ ቆይቷል። አስገዳጅ የለም፣ ተቆጣጣሪ የለም፣ መዝገብም የለም። እኔም እግረ መንገዴን ከጌሾው ማዶ አየሁ። አራተኛው ጉድጓድ ላይ ደርሳለች። ወለሉ በእበት ተለቅልቋል፤ ክዳኑ ተከድኗል፤ አመዱ በተሰበረ እንስራ ውስጥ ከበሩ ሥር ተቀምጧል። የእማሆይ ገመድም አለ። እርሷ ካረፈች ዓመታት አልፈዋል፤ ገመዱ ግን ጉድጓዱ በተዛወረ ቁጥር አብሮ ይዛወራል።

«እትዬ፣ ይህን ለምን አትፈቺውም?» አልኋት።

«ሌሊት ለሚወጡት ልጆች ይሁን ብዬ ነው» አለችኝ። «ደግሞ እኔም እያረጀሁ ነው።»

አንባቢ ሆይ፣ የከተማ ሰው ስለሆንን ይህን ሁሉ ከሩቅ አይተን ልንስቅ እንችላለን። ከመሳቃችን በፊት ግን የየግቢያችንን የጋራ ሽንት ቤት በር ከፍተን ብናይ መልካም ነው። አመድ የሚበትንበት፣ ቦዩን የሚጠርግለት፣ ለዐይነ ስውሯ ገመድ የሚዘረጋላት ማን ነው? የእኛው ስድስት አባወራ ለመጣጭ መኪናው መዋጮ ዛሬም ይከራከራል።